ፋይዳ፦ ካርዱ ተሳክቷል፣ መስኮቱ ገና ነው

ስለ ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። አዲስ ስልክ ሲወጣ ግምገማ ይጻፋል፤ አዲስ ክትፎ ቤት ሲከፈትም እንደዚሁ። ሁላችንም ወረፋ የምንይዝለት የመንግሥት አገልግሎት ላይ ስንደርስ ግን ወይ ታክሲ ውስጥ እናማርራለን ወይ ዝም እንላለን። እኔ እንደማንኛውም አገልግሎት ልገመግመው ነው። ምኑ ሠራ፣ ምኑ አልሠራም፣ ለምን?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ፋይዳ ራሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ 4 ከ5 እሰጠዋለሁ። ፋይዳችንን ተቀብለው የሚያስተናግዱን ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ግን 2 ካገኙ ይበቃቸዋል። መጻፍ የፈለግሁት ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ነው። መንግሥት ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከምዝገባው ልጀምር። ነፃ ነው። የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና አድራሻ ይሞላል። ብሔር አይጠየቅም፣ ሃይማኖትም አይጠየቅም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚለው መስመር ምን ጣጣ እንዳመጣ ያየ ሰው ይህች ነገር ቀላል እንዳልሆነች ያውቃል። ከሁሉ በፊት ያመሰገንኩት እሱን ነው።

እናቴን ላስመዘግብ ይዣት ሄጄ ነበር። የእናቴ ጣቶች ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲያጥቡና ምጣድ ሲያስሱ የኖሩ ናቸው፤ አሻራቸው ለስልሷል። ጣቷን ባስቀመጠች ቁጥር ማሽኑ አልተነበበም ይላል። ደንግጣ «እኔን አይወስደኝም ማለት ነው?» ብላ ወደኔ ዞረች። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት። አልተማረረችም፣ ወረፋ የያዘውንም ሰው አላየችም። ሶፍት በውሃ ነክራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገችላትና «እማማ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ፤ እርስዎ ዝም ብለው ዘና ይበሉ» አለቻት። የእናቴን አውራ ጣት በራሷ ጣት ከላይ ጫን አድርጋ ያዘችው። አንዳንዶቹ ተነበቡ፣ አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ዓይኗ ግን ወዲያው ተነበበ። አሻራዋ ስላላማረ ብቻ «ሂጂ ነገ ተመለሽ» አልተባለችም። ጣት ቢያስቸግር ዓይን አለ፣ ፊት አለ። ሥራ ላይ ጣቱን የጨረሰ ሰው በሞላበት አገር ይህ ታስቦበት መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ያስደሰተኝ ከጀርባ ያለው አሠራር ነው። ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ የመነጨው ሕንድ ባንጋሎር ካለ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ወስደውታል። ክፍት በመሆኑ ማንም አገር ኮዱን ወስዶ እንደሚመቸው ያስተካክለዋል፤ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ዕድሜ ልክ ፈቃድ እየከፈሉ መኖር የለም። መዝጋቢው ኔትወርክ በሌለበት ቦታም መረጃውን ሰብስቦ ኔትወርክ ሲያገኝ መላክ ይችላል። «ሲስተም የለም» የምትባለዋን ቃል ስንሰማ ለኖርን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከተመዘገባችሁ በኋላ ቁጥሩ በአጭር መልእክት እስኪመጣ የምትጠብቁት ደግሞ ሲስተሙ የእናንተን አሻራና ዓይን ቀድመው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ስለሚያመሳክር ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚደረገው እዚያ ላይ ነው።

አመራሩም የሚመሰገንበት ነገር አለው። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሙ ሁሉንም ነገር ራሴ ካልሠራሁ አላለም፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ባንኮችም እንዲመዘግቡ አደረገ። አዲስ ቢሮ በየወረዳው ልክፈት ቢል ኖሮ ገና የቤት ኪራይ ጨረታ ላይ በነበርን። ሕጉም ብዙ አልዘገየም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ፣ በዓመቱ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከተለ። ምዝገባው ከሁለቱም ቀድሞ መጀመሩ ባያስደስተኝም መውጣታቸው ደግ ነው። ጎረቤት ኬንያን ብናይ እኮ ሁዱማ ናምባ ብላ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቡን በገፍ ከመዘገበች በኋላ፣ በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመረጃ ጥበቃ ግምገማ አስቀድሞ አልተደረገም ብሎ የካርዱን ሥርጭት ሕገ ወጥ አለው። ያ ሁሉ ገንዘብና ወረፋ መና ቀረ። እኛም ጋ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ባንክ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆለታል።

እስከዚህ ድረስ 4 ከ5 ያልኩበት ምክንያት ነው። አሁን ወደ መስኮቱ ልሂድ።

አንድ ጉዳይ ላስፈጽም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ብዙ ቦታ ያለ ነገር ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ባለሙያዋ የፋይዳ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ስልኬ ላይ ማረጋገጫ ኮድ መጣ፣ ነገርኳት። ወዲያው ፎቶዬ፣ ስሜና የትውልድ ቀኔ ኮምፒውተሯ ላይ ወጣ። ደስ አለኝ፤ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ቀና አለችና «እሺ ወንድሜ፣ አሁን የፋይዳህን ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርገህ አምጣልኝ፣ የቀበሌ መታወቂያህንም ጨምርበት» አለችኝ።

«እህቴ፣ ፎቶዬ እኮ እዚህ ስክሪንሽ ላይ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን ነገ ኦዲት ሲመጣ ፋይሉ ውስጥ ወረቀት ከሌለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሲስተም አይቻለሁ ብዬ የማሳየው ነገር የለኝም።»

ልከራከራት አልቻልኩም፤ እውነቷን ነው። ወጥቼ ኮፒ ቤት ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ሁሉ በእጃቸው ፋይዳ ይዘዋል። የኮፒ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ዲጂታል የተባለው መታወቂያ ወረቀት ሆኖ ቦክስ ፋይል ውስጥ ሊገባ ነው። መዝገብ ቤቱ በር ላይ የተቆለሉት ፋይሎች ኮሪደሩን አጥብበውታል።

ስመለስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «መሟላት ያለባቸው ሰነዶች» የሚለውን ዝርዝር በደንብ አነበብኩት። ያረጀ ወረቀት ነው፣ በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ከታች ክብ ማኅተም አለበት። የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ማመልከቻ፣ ሌላም ሌላም። ከማኅተሙ በታች በእስክሪብቶ «የፋይዳ ኮፒ» የምትል ተጨምራለች። ከበላይዋ ካሉት አንዱም አልተሰረዘም።

ለእኔ ችግሩ ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ ነው። መንግሥት ቤት አዲስ ነገር ሲመጣ መጨመር ቀላል ነው፤ ለመጨመር የሚከለክል የለም፣ የሚጠየቅም የለም። ለመቀነስ ግን ፊርማ ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው ሰው ደግሞ ነገ ችግር ቢመጣ ስሙ የሚጠራው እሱ ነው። ቴክኖሎጂው ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። አንድ አሮጌ መስፈርት ሲሰረዝ ግን ማንም አይመጣም፣ ዜናም አይሠራም፣ የደረጃ ዕድገትም አያስገኝም። ታዲያ ማን ይሰርዘው?

በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ቢፒአርን ታስታውሳላችሁ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ይባል ነበር። የቢሮ ግድግዳ ፈርሶ ሰው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ፣ «ኬዝ ቲም» ተባለ፣ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ከዚያ ቢኤስሲ የሚባል የሥራ ውጤት መመዘኛ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ካይዘን የሚባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስፋፋ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት ተባለ። ሁሉም መጥፎ ነበር አልልም፤ እንዲያውም ሰነዶች ማረጋገጫ በዚያን ጊዜ ውክልናን በማፋጠኑ በጥሩ ምሳሌነት ይነሳ ነበር፣ ይገባዋልም። እዚያ የሠራው ምን ነበር ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ሶፍትዌር አይደለም። በመሐል የነበረው ጉዳዩን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ማመላለስ ቀነሰ። ሌሎቹ ጋ ግን ስያሜው መጣ፣ ሥልጠናው መጣ፣ ቅፁ መጣ፣ የድሮው አሠራርም ከነበረበት ሳይነቃነቅ ቀጠለ። ባለሙያው ሁለቱንም ይሠራል፤ ድሮውንም አዲሱንም። ከዚያ በኋላ «ለውጥ» የሚል ነገር ሲሰማ ፊቱን ቢያጨልም አልፈርድበትም።

ለፋይዳም የምሰጋው ይኼው ነው። በአሮጌው ላይ ከተደረበ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይሆናል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የቀበሌ መታወቂያ የሚጠየቅበት ሁሉ ስህተት አይደለም። ፋይዳ ማን እንደሆንክ ነው የሚያረጋግጠው፤ የየትኛው ወረዳ ነዋሪ እንደሆንክ ማረጋገጡ የሌላ ነው። ዜግነትም አይሰጥም፣ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊመዘገብ ይችላል። ጉዳዩ ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ከሆነ የወረዳ ማስረጃ መጠየቅ አግባብ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ከነዋሪነት ጋር ምንም አልነበረውም። ማንነቴን ብቻ ነበር ማወቅ የፈለጉት፤ እሱን ደግሞ ባለሙያዋ በዓይኗ አይታዋለች።

ባንኮቹን እዩ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሲሆን መመሪያው የመጣው ከብሔራዊ ባንክ ነው። የባንኩ ሠራተኛ «ማን ፈቀደልህ?» ቢባል የሚያሳየው ደብዳቤ አለው። ኃላፊነቱ ወደ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ሠራተኛው በራሱ ድፍረት ላይ አልተንጠለጠለም። አብዛኛው ሲቪል ሰርቪስ ጋ የጎደለው ይህ ይመስለኛል፤ ድፍረት ያለው ባለሙያ ከመፈለግ ድፍረት የማይጠይቅ አሠራር መሥራት ይሻላል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም፣ ግን ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። የሥራ ክፍሉ ኃላፊ፣ የሕግ ክፍሉ እና የውስጥ ኦዲቱ። በተለይ ኦዲቱ። ኦዲተሩ «በሲስተም የተመዘገበ የማረጋገጫ ሰዓትና ቁጥር እንደ ማስረጃ እቀበላለሁ» ብሎ ካልፈረመ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ባለሙያዋ ነገም ኮፒ ትጠይቃለች፣ መጠየቅም ይገባታል። ከፈረመ ግን አንድ መስኮት ላይ፣ አንድ አገልግሎት ላይ ይሞከር። ባለጉዳዩ ስንት ሰዓት ጨረሰ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ የተጭበረበረ ጉዳይ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ይታይ። ከሠራ ሰርኩላር ይውጣ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር ይቀየር። ካልሠራም ጉዳቱ አንድ መስኮት ላይ ብቻ ነው። አዲስ ነገር በትንሹ መሞከር የሚባለው ይኼ ነው፤ እኛ ጋ ግን «ሙከራ» ስንል ብዙ ጊዜ የምርቃቱን ቀን ነው የምናስበው።

ኢስቶኒያ የሚባለችው ትንሽ አገር በዲጂታል መንግሥት ስሟ የሚነሳው መሥሪያ ቤቶቿን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኤክስ ሮድ በሚባል የመረጃ መለዋወጫ መስመር ስላገናኘች ብቻ አይደለም። ሕጓ ለአንድ ዓይነት መረጃ ሁለት የተለያየ የመረጃ ቋት ማቋቋምን ይከለክላል። አንዱ መሥሪያ ቤት ጋ ያለውን መረጃ ሌላው ከዜጋው እንደገና ሊሰበስብ አይገባውም፣ ከዚያው ይወስዳል። እኛ አገናኙን መሥራት ጀምረናል፤ ክልከላውን ግን እኔ እስከማውቀው ገና አልጻፍነውም።

ስለ መሶብም ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። የአንድ ማዕከል አገልግሎቱ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ሲከፈት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ባለጉዳይ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ከመገናኛ ፒያሳ መዞሩ ይቀርለታል። ሐሳቡ ሌላም አገር ተሞክሮ የሠራ ነው፤ የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከ1997፣ ኬንያ ከ2013 ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሏቸው። ጥሩ አዳራሽ፣ ጥሩ ወንበር፣ የወረፋ ቁጥር፣ ሁሉም ያስፈልጋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ማዕከል በገባሁ ቁጥር የምፈትሸው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያው መስኮት ላይ የሰጠሁትን መረጃ ሁለተኛው መስኮት ድጋሚ ይጠይቀኛል ወይ? ካልጠየቀኝ መሥሪያ ቤቶቹ በእርግጥ ተገናኝተዋል። ከጠየቀኝ የተገናኙት ሕንፃው ላይ ነው።

ከፋይዳ ላይ አንድ ነጥብ የቀነስኩበትን ደግሞ ልንገራችሁ። ማረጋገጫው በአብዛኛው በስልክ ኮድ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዓረብ አገር የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ የተመዘገበችበት ሲም ሳትጠቀምበት ቆይቶ ተዘግቶባት ነበር። አሻራዋ አለ፣ ዓይኗ አለ፣ ቁጥሯ አለ፤ ኮዱ የሚመጣበት ስልክ ግን የለም። ጉዳይዋ ሁሉ እዚያው ቆመ። በየመስኮቱ አንድ የአሻራ ማንበቢያ ቢኖር ይህ ችግር ባልመጣ ነበር። ሰውየው እዚያው ቆሞ እያለ ስልኩን መለመን ምን ይሉታል? እናቴንም እዚህ ላይ አስባታለሁ። ስልኳን የምንይዝላት እኛ ነን፤ እኛ ከሌለን ኮዱን የሚያነብላት የለም።

ሌላው ግዴታ የማድረጉ ፍጥነት ነው። ባንክም፣ ግብር ከፋይነትም፣ ሌላውም አገልግሎት ፋይዳን እየጠየቀ ነው። ላለው ሰው ጥሩ። ገጠር ላለች፣ መዝጋቢ ቡድን በቀበሌዋ ላላለፈባት ሴት ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ግዴታው ምዝገባውን ሊቀድመው አይገባም። እዚህ ላይ በጣም እጨነቃለሁ፤ የሚቀረው ሰው ሁልጊዜም ድምፁ የማይሰማው ነው።

የፕላስቲክ ካርዱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ኅትመቱ ይከፈልበታል፣ በቴሌብር ማዘዝ ይቻላል፣ ጥራቱ ጥሩ ነው። ስልክ ላይ ያለውም ኪውአር ኮድ ስላለው ያው ነው፤ አንዳንድ በር ላይ ያሉ ጥበቃዎች ግን ካርዱን ካላዩ አይዋጥላቸውም።

ገና ለምትመዘገቡ ሰዎች ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ስማችሁ በአማርኛም በላቲን ፊደልም ይጻፋል። ፓስፖርት፣ የባንክ ደብተር ወይም የትምህርት ማስረጃ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱና የላቲኑ አጻጻፍ ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፀሐይ የሚለው ስም አንዱ ቦታ በ«ቲ» ሌላው ቦታ በ«ኤስ» ከጀመረ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል፣ ማስተካከሉ ደግሞ ሌላ ወረፋ ነው። የትውልድ ቀናችሁን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ተመልከቱ። የምታስመዘግቡት ስልክ በራሳችሁ ስም የወጣና የማትቀይሩት ይሁን። 12 አኃዝ ያለውን ቋሚ ቁጥራችሁን ለማንም አትበትኑ፤ በእሱ ፈንታ በሚያገለግለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር መስተናገድ ስትችሉ ያንን ስጡ። አሮጊትና ሽማግሌ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፣ እጃቸውን ቅባት ካለበት አስታጥቧቸው።

በሲስተም ተረጋግጣችሁ እያለ ኮፒ አምጡ ከተባላችሁ ከባለሙያው ጋር አትጣሉ። ኮፒውን ስጡትና ጉዳያችሁን ጨርሱ። ከዚያ ለክፍሉ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚው አጭር ጽሑፍ አስገቡ፤ ቀኑን፣ የአገልግሎቱን ዓይነትና «ማንነቴ በፋይዳ ተረጋግጦ ሳለ ኮፒ ተጠይቄያለሁ» የሚለውን ብቻ ጻፉበት። የባለሙያውን ስም አትጻፉ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ ደግሞ መልስ ይፈልጋል። እኔ አስገብቻለሁ፤ ወደ ሕግ ክፍል እንደተመራ ተነግሮኛል።